ሳይሄድ የሚሞቀው መኪና

ቅድም ልትገዛው ያሰብከውን መኪና ልናይ ግቢው ውስጥ እንደገባን፣ ሻጩ ሰላምታውን ሳይጨርስ እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ አይተህ ግራ ገብቶህ ነበር። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ብረቱ ግን ለብ ብሎ መዳፌን ተቀበለኝ። በዓይንህ "ምን እያደረግሽ ነው?" አልከኝ። ያኔ ልመልስልህ አልቻልኩም። መዳፌ ስር የነበረው ሙቀት ወደ ውጫሌ፣ አንድ የቆርቆሮ ዳስ ስር ወደቆመ ነጭ መኪና ይዞኝ ሄዶ ነበር።

አባቴ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከደሴ ወልድያ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጢሙ ሲሸብት "አሁንስ የራሴን" አለ። እኛ የምንኖረው ሐይቅ ነው። ያን ሰሞን አንድ የውሃ ሥራ ፕሮጀክት በአምባሰል ገጠር የሚዞሩ ባለሙያዎቹን የሚያመላልስ፣ ባለ ሁለት ጋቢና የናፍጣ ፒክአፕ ከነሹፌሩ ሊከራይ ፈለገ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ጠዋት ወጥቶ እስኪመሽ ኮረኮንች ላይ መዋል ነው፤ ቅዳሜ የለ፣ እሁድ የለ። አዲስ መኪና መግዛት የሚታሰብ ስላልነበረ ያገለገለ፣ ግን ያልደከመ መፈለግ ነበረበት። መኪናው መንገድ ላይ እምቢ ካለ ውሉ ይፈርሳል፤ ውሉ ከፈረሰ ደግሞ አባቴ ተመልሶ የሰው መሪ ሊይዝ ነው።

ከዚያ በፊት አንዴ ተታሏል። መስጊድ ጎን ለጎን አብሮት ከሚሰግድ ወዳጁ ሚኒባስ ገዝቶ ነበር። የኪሎሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ፣ የሞተሩ ጩኸት በወፍራም ዘይት ታፍኖ ነበር የተሸጠለት። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ተበላሽቶ ተከፈተ፤ ወዳጅነቱም አብሮ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሰው ሲያናግረው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር የሚያየው። "እጅ ያፍራል፤ አፍ አያፍርም" ይል ነበር፣ እናቴም "ልጅቱን እንዳንተ ተጠራጣሪ ታደርጋታለህ" ትለው ነበር።

አደረገኝ። እኔ ያኔ ደሴ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ቤት ቁጭ ያልኩበት ጊዜ ነው። መኪና ለማየት በሄደ ቁጥር ይዞኝ ይሄድ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "አንቺን ማንም አይጠረጥርሽም" አለኝ።

ደሴ ያየነው የመጀመሪያው መኪና ገና የአዲስ ቀለም ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር። አባቴ የበሩን ላስቲክ በጥፍሩ ገልጦ ስሩ የተረጨውን የግጭት መሸፈኛ ነጭ ቀለም አሳየኝና ሻጩን አመስግኖ ወጣ። እዚያው ሐይቅ ያየነው ሌላው ቆጣሪው ጥቂት ነው የሚያሳየው፤ የፍሬኑ መርገጫ ጎማ ግን እንዳለቀ ሳሙና ሙልጭ ብሏል። ሌላም አየን፤ ሞተሩ ሲነሣ ደላላው ስለ ቤተሰባችን ጤና እየደጋገመ ይጠይቀን ነበር፤ ድምፁን እንዳንሰማ መሆኑ ነው። አባቴ እጁን አንሥቶ አስቆመው፤ ሰውየው ዝም ሲል ሞተሩ ውስጥ እንደ ጠጠር የሚንቀጫቀጭ ነገር ሰማን።

የውጫሌውን መኪና የነገረን ደላላ ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አደረገ። አባቴ ያን ዝቅታ አልወደደውም፤ ግን ጊዜው እያለቀበት ነበር።

በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። ውጫሌ ስንደርስ የአምባሰል ተራራ ገና ጉም እንደለበሰ ነበር። ቤቱ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ አጥር የተከበበ ነው። ጠና ያለች፣ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት በሩን ከፈተችልን። መኪናው ከቤቱ ጀርባ ዳስ ስር ቆሟል። አባቴ በሰላምታ መሀል እጁን ኮፈኑ ላይ ጫነ፤ ከዚያም የኔን እጅ ይዞ እዚያው ላይ አሳረፈው። ሞቋል።

"ዛሬ ወጥቶ ነበር?" አለ ዘና ብሎ።

"ኧረ አልወጣም። ከቆመ ቆየ" አለች።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ፤ ለአንተም ይጠቅምሃል። የደከመ የናፍጣ ሞተር የሚያሳብቀው በብርድ ነው። ጠዋት አልነሣም ይላል፤ ከተነሣም ነጭ ጭስ እየተፋ ያስላል። ስለዚህ ሊያታልል የፈለገ ሰው ገዢው ከመምጣቱ በፊት አሙቆ ይጠብቃል። ሴትየዋ ከቆመ ቆየ አለች፤ ብረቱ ግን ሌላ ነገር አለ።

"ባለቤትሽስ?"

"መንገድ ሄዷል" አለች። ወደ ቤቱ ግድግዳ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስለ ዋጋው ከአጥሩ ውጭ ብንነጋገር ምን ይመስልዎታል?"

አባቴ ጃኬቱን አውልቆ ሥራውን ጀመረ። ሻንሲው ስር ገባ፤ የብየዳ ምልክት አላገኘም። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን አስነሣና መዳፉን ቀዳዳው ላይ አደረገ፤ የደከመ ሞተር በዚያ በኩል ይተነፍሳል፤ ይሄኛው ግን አይተነፍስም። ጎማዎቹ እኩል ተበልተዋል። መርገጫዎቹ ያለቁት ቆጣሪው የሚለውን ያህል ነው። መሪው፣ ወንበሩ፣ የበሩ እጀታ ሁሉ የተያዙት በአንድ ሰው፣ ያውም በደህና እጅ ይመስላል። ደስ ሊለን ሲገባ አባቴ እያየ በሄደ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ መጣ። ሴትየዋ ደግሞ ሞተሩ በጮኸ ቁጥር ነጠላዋን እየጨበጠች ወደ ግድግዳው ታያለች።

"ነገ በጠዋት እንመጣለን" አላት በመጨረሻ። "እኛ ሳንመጣ እንዳታስነሡት።"

"እሺ" አለች፣ እግሯን እያየች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ዳር ተቀምጦ ለራሱ ያጉረመርም ነበር። "ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ ፍርድ ቤት ያለ ነው፣ ወይ ባልየው ሳያውቅ ልትሸጠው ነው። እንዲህ ያለ መኪና የሚያንሾካሹክ ሰው አይሸጠውም።"

በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዘን ሄድን። ብርዱ ጣት ይቆርጥ ነበር። ግቢው ውስጥ የናፍጣ ጭስ ሽታ ገና አልተበተነም። ኮፈኑን ነካሁት። ሞቋል።

አባቴ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ትናንት ምን ተባባልን፣ እህቴ?" አላት ቀስ ብሎ።

"ይቅር ይበሉኝ። እኔ…" ብላ ቀረች።

አባቴ ወደኔ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ "ውሃ ጠይቂና ግቢ። ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ አይተሽ ነይ" አለኝ። ከዚያ ሴትየዋን የኋላውን ጎማ እንድታሳየው እንደሚፈልግ አስመስሎ ወደዚያ ወሰዳት።

በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። የካምፎርና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ተቀበለኝ። መጀመሪያ ጨለማው ውስጥ የሚታየኝ ነገር አልነበረም፤ ከዚያ ግን ከግድግዳው ተጠግቶ የተዘረጋ አልጋ፣ አልጋው ላይም ትራስ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው አየሁ። መኪናው ከቆመበት ዳስ የሚለየው ያ ግድግዳ ብቻ ነው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጨብጣ ቀርታለች። የአፉ አንድ ወገን ወርዷል። ዓይኖቹ ግን ንቁ ነበሩ፤ ልክ እንደ አባቴ ዓይን እጄን አዩ፤ ብርጭቆ እንዳልያዝኩ አዩ።

"ልትገዙት ነው?" አለኝ። ቃሉ ከአፉ እየተንሸራተተ ነበር የሚወጣው።

ወዲያው ሴትየዋ ከኋላዬ እየሮጠች ገባች፤ አባቴም ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ። እኔንና ባሏን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ ባልየው እንዳይሰማት በሹክሹክታ ተናገረች። ዛሬ ድረስ ያ ሹክሹክታ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"እባክዎ፣ አያውቅም። ሹፌር ተቀጥሮለት መኪናው ሥራ ላይ ነው ብዬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ድምፁን ካልሰማ እህል አይቀምስም። ለዚያ ነው የማስነሣው። እንደማይወጣ አያውቅም።"

"አውቃለሁ" አለ ባልየው ከአልጋው።

ሁላችንም ዞር አልን።

"ማርሽ ሲገባ ሰምቼ አላውቅም" አለ። "እዚያው ተነሥቶ እዚያው ይጠፋል። የትኛው ሹፌር ነው ሳይንቀሳቀስ የሚሠራ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

ሰውየው ብዙ ሰዓት የፈጀ እስኪመስለኝ ቃሉን ፈለገ። "'ሄደልህ' እያልሽ ስትገቢ ፊትሽ ደስ ይለኛል።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ መሄድ ፈለግሁ፤ አባቴ ግን ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ገባ። በርጩማ ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ሰላም አለው፤ የት የት እንደነዳ ጠየቀው። ሰውየውም በየቃሉ እያረፈ ነገረው፤ የገጠር ጠበል ተሳላሚ፣ የገበያ እህል፣ ወላድ ሴት ሳይቀር በዚያ መኪና አመላልሷል። ሕመሙ የጣለው መሪው ላይ እያለ ነበር። ዳር አስይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከዚያ ነው የወደቀው። አሁን ለሕክምናው ሌላ የሚሸጥ ነገር አልቀረም።

"ወንድሜ፣ በፈጠረህ ይዤሃለሁ" አለው አባቴ፤ "መኪናው ምን አለበት?"

ሴትየዋ ነጠላዋን ከፊቷ አነሣች።

"ራዲያተሩ" አለ ሰውየው። "ከታች በኩል ተበይዷል። እኔ ነኝ ያስበየድኩት። ረጅም ዳገት ላይ የሙቀቱን መርፌ እየው፤ ሲነሣ ቁምለት። ሌላ ነገር የለውም።"

አባቴ ተነሥቶ ወጣ። በስልኩ መብራት መኪናው ስር ገብቶ ሲንፏቀቅ በግድግዳው በኩል ሰማነው። ጉልበቱን እያራገፈ ተመለሰና "ብየዳው አለ" አለ ብቻ።

ወደ ሐይቅ ስንመለስ "አባ፣ አመንካቸው?" አልኩት።

"ራዲያተሩን አምኛለሁ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ "ሰውየውን እያሰብኩበት ነው" ብሎ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ መኪና አላየንም፤ ዋጋም ብዙ አልተከራከረም።

የምንረከብበት ቀን ሴትየዋ ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጠችው። አባቴ ተቀብሎ ወደ መኪናው አልሄደም፤ ወደ ቤቱ ገባ። ሁለት ጎረቤት ጠርቶ ሰውየውን በጋቢ ጠቅልለው ተሸክመው አወጡት። አባቴ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ አስቀምጦ፣ ቀበቶውን ራሱ አሰረለት። እኔና ሴትየዋ ከኋላ ገባን። "የት ልትወስዱት ነው?" አለችኝ፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ወደ ሐይቅ አቅጣጫ ነዳን። ዝናብ ያጠበው አስፋልት ያበራ ነበር፤ በተከፈተው መስኮት የታረሰ መሬት ሽታ ይገባል። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ስንደርስ የሰውየው ግራ እጅ ቀስ ብላ ከጭኑ ተነሣችና ማርሹ ላይ አረፈች። አባቴ አየው። ሞተሩ ሲከብድ የራሱን እጅ ወደ መሪው መለሰና ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ሰውየው ማርሹን አስገባ። ቅንጣት ድምፅ አላሰማም።

እንዲህ እያደረጉ ሄዱ። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ያስገባል። አንዱ ሌላውን "አሁን" አላለውም፤ ሁለቱም ጆሯቸው ሞተሩ ላይ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠው የአባቴ ትከሻ፣ ሁልጊዜ ሰው አጠገቡ ሲሆን የሚወጠረው ትከሻ፣ ዝቅ ብሎ ነበር። ውሃው ከሚታይበት ስንደርስ ዳር ይዞ አቆመ። ሐይቁ ላይ የጠዋቱ ብርሃን ተዘርግቶ ነበር፤ አንድ ታንኳ ሣሩን እየሰነጠቀ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ሴትየዋ ብርቱካን ልጣ ለባሏ በትንሽ በትንሹ አጎረሰችው፤ ለአባቴም ሰጠችው፤ ተጠራጣሪው አባቴም "አላህ ያቆይሽ" ብሎ በላ።

ሰውየው ክረምቱን አላለፈም። አባቴ ያን መኪና ዓመታት ነዳው፤ ልጆች አስተማረበት፤ አሁን እሱም የለም። ከሁለቱ ጋር የተሳፈርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ውጫሌ ተመልሰን ግቢው ውስጥ ስንቆም ጎረቤቶቹ ሊያወርዱት መጥተው በሩን ከፈቱ። የሰውየው እጅ ገና ማርሹ ላይ ነበረች። አባቴ ሞተሩን አላጠፋም። ጎረቤቶቹን በእጁ ምልክት ትንሽ እንዲቆዩ ነገራቸው፤ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት እያየ ተቀመጠ። ማንም ማንንም ውረድ አላለም።