ሞተሩን ያላጠፋሁበት ዳገት

ከወልድያ ተነስቶ በጋሸና በኩል ላሊበላ የሚገባውን መንገድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አሽከርካሪ በዘመኔ አልነበረም። ነበረ የሚል ካለ ቤቴ ወልድያ ነው፣ መጥቶ ይንገረኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በመኪና በር ላይ ከተጻፈ ጽሑፍና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ነው። ሞተር ፈትቶ መግጠምን ያስተማረኝ የለም፤ ሌሎች ሲፈቱ ቆሜ እያየሁ ያዝኩት። መሪ ያስያዘኝ ግን አንድ ሰው ነው፤ የእሳቸውን ውለታ አልክድም።

የተወለድኩት ብልባላ ነው። በደርግ ዘመን ዝናብ ሲጠፋ ወደ ወልድያ ወርጄ በእህል መጋዘን ጫኝና አውራጅ ሆንኩ። አንድ ማለዳ የጋሽ እንድሪስ ረዳት ታምሞ ቀረ። የስምሪት ኃላፊው ጓድ በላይ በጆንያው መካከል ሲመለከቱ ቆዩና በጣታቸው ጠቆሙኝ። "አንተ ትልቁ፣ ውጣ" አሉኝ። የመኪና ሥራ የጀመርኩት በዚህ ዓይነት ነው።

ጋሽ እንድሪስ የሐራ ሰው ናቸው። ጸጥ ያሉ፣ ጥርሳቸው በጫት የበለዘ፣ ከመንገዱ ላይ ዓይናቸውን የማያነሱ አሽከርካሪ ነበሩ። ያን ቀን በገመድ የታሰረ ከባድ የእንጨት ጉማጅ ሰጡኝና "ይህ ታኮ ይባላል። ዳገት ላይ ስቆም ዘለህ ትወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ትወሽቀዋለህ። ስነሳ ታነሳዋለህ። ሌላ ሥራ የለህም" አሉኝ። የድልብን ጠመዝማዛ እስክንወጣ ስንት ጊዜ እንደዘለልኩ አላውቅም። ጋሸና ስንደርስ ብርዱ ላቤን አደረቀው። ጋሽ እንድሪስ ዳቦ ቆርሰው እየሰጡኝ "እግርህ ፈጣን ነው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ረዳት አልፈለጉም።

ለዓመታት ከታኮው ጋር ኖርኩ። በትርፍ ጊዜዬ በባዶ መኪና መንዳት ተለማመድኩ፤ ሦስተኛ መንጃ ፈቃድም በመጀመሪያው ፈተና አወጣሁ። አብረውኝ የተፈተኑት ደጋግመው ነው ያወጡት።

ከዚያ የጋሽ እንድሪስ ዓይን ደከመ። ወደ ማታ የመንገዱን ጠርዝ መለየት ሲያቅታቸው ራሳቸው ሄደው ለጓድ በላይ ተናገሩ። ጓድ በላይ ሁለታችንንም ቢሮ ጠሩን።

"ይህን መኪና አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ላለው ሰው ነው የምሰጠው" አሉ። "ደሴ ያሉትን ጠይቄያለሁ። ላሊበላ ስላቸው ሁሉም ወገቤን አመመኝ ይላሉ።"

"ሲሳይ አለ" አሉ ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ እያመለከቱ።

"ሲሳይ ሦስተኛ ነው። ደንብ አላፈርስም። ፈታኝ በቅርቡ ከደሴ ይመጣል። ካለፈ መኪናው የእሱ ነው። ካላለፈ መኪናውን አስፋልት ላይ አሰማራዋለሁ፤ የላሊበላው ጉዞ ይቆማል።"

ይቆማል ማለት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። መኪና ካልወጣ ሰው ይወርዳል። የላስታ ሰው እህል ፍለጋ በእግሩ ወልድያ ድረስ መውረድ ጀምሮ ነበር። ከብልባላ ከወረዱት መካከል የአክስቴ ልጅ መንገድ ላይ ቀርቷል።

"አልፋለሁ" አልኳቸው ለጓድ በላይ።

"አውቃለሁ። አንተ ሳትፈተንም አልፈሃል" አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ፈታኙ አቶ ተካ ይባላሉ። ስማቸው በመናኸሪያው ሁሉ የተፈራ ነበር። ከረዳትነት የመጣን ሰው ይጥላሉ ይባል ነበር፤ ምክንያት ነበራቸው። ረዳት ሆኖ ያደገ ሰው ዳገት ላይ ሲቆም ልቡ ታኮ ይፈልጋል። ከኋላው እንጨት እንዳለ አድርጎ እግሩን ከፍሬን ቶሎ ያነሳል፣ መኪናውም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ይህ በሽታ ሁላችንም ላይ ነበረ።

ጋሽ እንድሪስ ሕክምናውን ያውቁ ነበር። ታኮውን መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ዳገት ላይ የተጫነውን መኪና አስቆሙኝና ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእ ውሃ የሚይዙበትን የቆርቆሮ ኢብሪቅ ከኋላ ጎማው ሥር አስቀመጡ።

"እዚህ ላይ ካስቀመጥኩት ጊዜ ጀምሮ ሶላቴ በአንተ እግር ላይ ናት" አሉኝ። "ተነስ።"

ተነሳሁ። ኢብሪቁ ተጨፈለቀ። ወርደው ጠፍጣፋውን ቆርቆሮ አነሱና ሳይቆጡ አገላብጠው አዩት።

"አብሽር፣ ሌላ አለኝ" አሉ። "ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሞተሩ ሲከብደው ድምፁ ይነግርሃል። ያን ሳትሰማ ፍሬኑን እንዳትለቅ።"

ሁለተኛው ኢብሪቅ ግን እስከ ዛሬ አለ። መጀመሪያ በጣት ርዝመት ብቻ እየተንሸራተትኩ፣ በኋላ ጭራሽ ሳልንሸራተት መነሳት ቻልኩ። ማታ ማታ የመንገድ ደንቡን መጽሐፍ እያነበብኩ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። አሁንም ጠይቁኝ።

አቶ ተካ የመጡ ዕለት ባለ ስምንት ጎማ መኪና የሚያህል ሰው ስጠብቅ ቀጭን፣ አጭር፣ ካኪ ቆብ ያደረጉ ሰው ከአውቶቡስ ወረዱ። የተጫነውን መኪና ዞረው አዩ፣ ጎማውን በእግራቸው ነኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው ሞከሩ።

"ይህ ጭነት አይይዝም" አሉ።

"ባዶውን ይይዛል ጓድ ፈታኝ። ለተጫነው እግሬ አለ" አልኳቸው።

"መለዋወጫው?"

"ተጠይቋል፣ አልመጣም።"

"ረዳት አይሳፈርም። ታኮም አይጫንም። የምፈትንህ በሜዳ ሳይሆን በምትሠራበት መንገድ ነው። ንዳ።"

ድልብን ስንወጣ ስለ ራሴ እየነገርኳቸው ነበር። ሞተር እንዴት እንደምፈታ፣ ስንት ጊዜ በጭቃ እንዳለፍኩ፣ ሌሎች የወደቁበትን ፈተና እንዴት በመጀመሪያው እንዳለፍኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ከእጄና ከእግሬ አላነሱም። ጋሸናን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቼ በፎሌ እለቀው እንደሆነ እጃቸውን በማርሹ አጠገብ አድርገው ይጠብቁ ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ቁልቁለት በፎሌ እንነዳ ነበር። እኔ ያን ቀን ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ወረድኩ።

"ጓድ ፈታኝ፣ እንዳስተዋሉት በማርሽ ነው የወረድኩት" አልኳቸው።

"ጓድነቱን ወልድያ ትተነው መጥተናል። መንገድህን ተመልከት" አሉ።

ወደ ላሊበላ በሚያወጣው የመጨረሻው ዳገት አጋማሽ ላይ ከላይ ሰዎች ሲመጡ አየሁ። አስከሬን ተሸክመዋል። ጠርዙን ይዤ አቆምኩ። የተሸከሙት አራት ናቸው፤ ተለዋጭ የላቸውም። ከኋላ ጥቂት ሴቶችና አንድ ቄስ ተከትለዋል። ዋይታ አልነበረም፤ ለዋይታም አቅም ያስፈልጋል። አንደኛው ተሸካሚ ሲራመድ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በአገራችን አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወሰድ መንገድ ላይ እያረፈ ይሄዳል፤ በየማረፊያው ካህኑ ይጸልይበታል። ተሸካሚዎቹ በመኪናው ጎን አልፈው መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ቃሬዛውን አስቀመጡ። ያ ቦታ ከኋላ ጎማዬ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል። በስፔኪዮ አየኋቸው። ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጡ።

"ተነስ" አሉ አቶ ተካ።

"ከኋላ አስከሬን አለ።"

"አይቻለሁ። ሳትንሸራተት መነሳት እችላለሁ ስትል ነበር። ተነስ።"

"እችላለሁ። አሁን ግን አልነሳም።"

"ለምን?"

"መቻሌን በሰው ሬሳ ላይ አላሳይም" አልኳቸው።

በዚህ መካከል ዱላ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከሐዘንተኞቹ ተለይተው መጡና የጋቢናውን በር መቱ። የላስታ አሽከርካሪ አስከሬን ሲያገኝ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከመኪናው ወርዶ፣ ራሱን ገልጦ ይቆማል። እኔና ጋሽ እንድሪስም ከዚያ በፊት ሁልጊዜ እንዲሁ እናደርግ ነበር፤ ያኔ ግን ታኮ ነበረ።

"አንተ ሰው፣ ሞተሩን አጥፋው እንጂ። የቄሱ ድምፅ አልሰማ አለ" አሉኝ።

"ይቅርታ አባባ፣ አላጠፋም።"

"የት አገር ሰው ነህ?"

"የብልባላ።"

"የብልባላ ሰውማ ወርዶ ነው የሚቆም። አንተን መኪና አሳድጎሃል።"

ይህ ንግግር ዘልቆ ገባኝ። "አባባ፣ ሞተሩን ባጠፋ የፍሬኑ ንፋስ ያልቃል" አልኳቸው። "የእጅ ፍሬኑ ጭነት አይይዝም። ጭነቱ እህል ነው። እኔ ከወረድኩ መኪናው ይከተለኛል፤ እናንተ ላይ ነው የሚመጣ።"

ሽማግሌው ጎማውን አዩ። ከዚያ ዞረው ቃሬዛውን አዩ።

"እንግዲያ አንስተን እንሂድ?"

"አይሆንም። ጸሎቱ ይፈጸም። እኔ ይዤዋለሁ።"

"ትችላለህ?"

"እችላለሁ አባባ።"

ሽማግሌው "የማን ልጅ እንደሆንክ ባላውቅም፣ ያዘው" ብለው ተመለሱ።

አቶ ተካ በራቸውን ከፍተው ወረዱ። ፈተናው እዚህ ላይ አበቃ ብዬ አሰብኩ። ከጎኔ ፈታኝ ተነስ ብሎኝ አልተነሳሁም፤ ከኋላ ሐዘንተኛ አጥፋ ብሎኝ አላጠፋሁም። ሁለቱንም አስቀይሜ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ ቀረሁ። ከቄሱ ጸሎት በሞተሩ ድምፅ መካከል አልፎ አልፎ አንድ ቃል ይሰማኝ ነበር። ቀኝ እግሬ ደነዘዘ። ወርጄ ትከሻ ላግዝ ፈልጌ ነበር፤ መውረድ የማልችል ብቸኛው ሰው እኔ ነበርኩ።

በስፔኪዮ አቶ ተካ ቆባቸውን አውልቀው ቆመው አየኋቸው። ጸሎቱ አልቆ ቃሬዛው ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ወደሚንቀጠቀጠው ተሸካሚ ቀረቡ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ሰውየው ቦታውን ለቀቀላቸው። ትከሻቸውን አስገብተው ተሸከሙ፣ እስከ ኩርባው ድረስም ወረዱ። ተመልሰው ሲመጡ ብቻቸውን ነበሩ። ከኋላ ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብለው ቀና አሉ። ጋቢና ሲገቡ ራሳቸው ላይ ቆብ አልነበረም፤ ትከሻቸው አቧራ ነበር።

"አሁን ከኋላህ ሰው የለም። ተነስ" አሉ።

ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ለቀቅሁ። ሞተሩ ሲከብደው ድምፁ ነገረኝ። ያን ጊዜ ፍሬኑን ለቀቅሁና መኪናው ወደ ፊት ብቻ ሄደ። ሜዳው ላይ ስንደርስ አስቆሙኝ። ወርደው በእግራቸው ወደ ኋላ ሄዱ። ሲመለሱ ካኪ ቆባቸውን በጉልበታቸው ላይ እያራገፉ ነበር። ቆቡ የጎማ ምልክት አልነበረበትም። አደረጉትና "ንዳ" አሉ።

ላሊበላ እህሉ ሲራገፍ ከመኪናው ጥላ ሥር ቆመን ውጤቱን ነገሩኝ።

"ተነስ ስልህ ብትነሳ ጥዬህ ነበር። ሽማግሌው አጥፋ ሲሉህ ብታጠፋም ጥዬህ ነበር። ደንቡ ከኋላህ ሰው ካለ አትንቀሳቀስ፣ መኪናህን ያዝ ይላል። አላነበብከውም?"

"በቃሌ ነው የማውቀው" አልኳቸው። እውነት ነው አውቀው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ደንቡ ትዝ አላለኝም።

"እና አልፌያለሁ?"

"አልፈሃል። ታወራለህ፤ ግን ትነዳለህ።"

ለምን እንደተሸከሙ ጠየቅኋቸው። አቧራውን ከትከሻቸው አራገፉ። "እሱ የፈተናው ክፍል አይደለም" አሉኝ።

ወልድያ ስመለስ ጋሽ እንድሪስ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መኪናውን በድምፁ ለይተው ተነሱ። "አለፍክ?" አሉኝ። አዎ ስላቸው መጀመሪያ አላህን አመሰገኑ፤ ከዚያ "እንግዲያ ያን የጨፈለቅኸውን ኢብሪቄን ግዛልኝ" አሉ። ገዛሁላቸው።

ለወጣት አሽከርካሪዎች የምነግራችሁ ይህ ነው። ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው መጀመሪያ ዳገት ላይ መያዝ ይማር። በዚያ ሰዓት ከጎንም ከኋላም የሚናገር ሰው ይኖራል፤ እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ግን መኪናው በሚፈልገው ብቻ ነው።

እኔ የሠራሁት ይህ ነው። አምስተኛዬን በአንድ ፈተና አወጣሁ። መኪናውን ተረክቤ የላሊበላው ጉዞ እንዳይቆም አደረግሁ። እህሉን ላሊበላ አራግፌ ብቻ አልተመለስኩም፤ መንገዱ በደረቀ ጊዜ ብልባላ ድረስ አስገባሁት፣ የአክስቴ ቤትም ከእሱ በላ። ከእኔ እጅ የወጡ አሽከርካሪዎች ዛሬም በዚያ መንገድ ላይ ናቸው፤ ሁሉንም በኢብሪቅ ነው ያስተማርኳቸው። ለመኪናው የእጅ ፍሬን እስኪመጣ ድረስ ጓድ በላይን ጠዋት ጠዋት ነዘነዝኩ፣ መጣም። ጋሽ እንድሪስ ሲያርፉ ሐራ ሄጄ ከተሸከሟቸው አንዱ ሆንኩ። እስከ ጡረታዬ ድረስም መኪናዬ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሰው አልነካም።