ጫማውን ያነሣሁት እኔ ነኝ

ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እስከ ዛሬ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ረዘም ያለ ቃል ከመጣ ሁለት ጊዜ እመለስበታለሁ። ስለ መጽሐፍ ልትናገር አይገባህም የሚል ካለ ይተወኝና የተማረ ሰው የጻፈውን ያንብብ። እኔ ግን በየመጽሐፉ፣ በየፊልሙና በየቴሌቪዥኑ ስለሚጎርፈው የወንጀል ታሪክ የምለው አለኝ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ብዙ ዓመት ተራ ፖሊስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እውነተኛ ገዳይ በእጄ ይዣለሁ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ይኸው የወንጀል ታሪክ አንዲት ጎረቤቴን ለባሏ ሐዘን እንዳትቀመጥ ሊከለክላት ሲል አይቻለሁ።

ግቢዬ ውስጥ አንድ አስተማሪ ተከራይቶ ይኖራል። ከደጋ የመጣ፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራ ስለሚፈታ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን መጽሐፍ ያነብልኛል። የሚወደው የወንጀል ልቦለድ ነው። እኔም ድሮ እወድ ነበር። ሌባ ይሰርቃል፣ መርማሪ ይከታተለዋል፣ ሌባው ይያዛል፣ መጽሐፉ ያልቃል፤ ሰው እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

የዛሬው እንዲህ አይደለም። ገዳዩ ራሱ ነው የሚተርከው። እናቱ እንዴት እንዳላቀፈችው፣ አባቱ በቀበቶ እንዴት እንደገረፈው ገጽ ሙሉ ይነግርሃል። የሞተው ሰው ግን ስሙ አንድ ጊዜ ተጠርቶ ይቀራል።

«ታዲያ እኔ ለማን ልዘን?» አልኩት አስተማሪውን።

«አባባ፣ የዘመኑ አጻጻፍ እንዲህ ነው። የገዳዩን ውስጡን ማሳየት ነው።»

«ውስጡን ሐኪም ይይለት።»

ሳቀብኝ። ቴሌቪዥኑም የእሱ ነው። በራፉ ላይ ያወጣውና የግቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። በአማርኛ የተመለሰ የባዕድ አገር ድራማ ነው፤ ከንፈሩ ሌላ ይላል፣ ድምፁ ሌላ ይላል። መቶ ክፍል ሄዶ ገዳዩ አልታወቀም። ሊታወቅ ሲል ደግሞ ምዕራፍ ሁለት ይመጣል ይሉሃል። እዚያ ውስጥ ያለ ፖሊስ ወይ ሰካራም ነው፣ ወይ ሚስቱ ጥላው የሄደች ነው፣ ወይ ራሱ ገዳዩ ነው። እኔ ሰካራም አልነበርኩም። ሚስቴም ጥላኝ አልሄደችም፤ ሞት ነው የለየን። ከፖሊሱ ሌላ ደግሞ የምትጠረጠረው ሚስት ናት። ባል ሞተ ማለት ሚስት ገደለች ማለት ሆኗል፤ ፈገግ ካለች ገዳይ፣ ዝም ካለች የባሰች ገዳይ።

ከዚህ ሁሉ የምጠላው ግን በስልክ የሚመጣውን ነው። በእውነት የሞተን ሰው፣ እናቱ በሕይወት ያለችን ሰው፣ አንዱ ጎረምሳ ድምፁን አወፍሮ፣ ከሥሩ ሙዚቃ አስገብቶ ይተርከዋል። አንገቷን ያነቃት ማን ይመስላችኋል ብሎ ይጠይቅና መሃል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ያስገባል። ይኼን የሚሰማ ሰው ሻይ እየጠጣ ነው የሚሰማው።

እኔ የያዝኳቸው ገዳዮች እንደዚያ አልነበሩም። አንዱን ያገኘነው ጠላ ቤት በራፍ ላይ፣ የገደለው ጓደኛው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ነው። ሲያየን ውሃ ስጡኝ ነው ያለን። ሌላው በእግሩ ጣቢያ መጥቶ ወረፋ ጠበቀ። ተረኛው ሌላ ሰው ያናግር ስለነበር ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ፊልም የሚሠራበት ነገር የለውም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከእኔ ግቢ ቀጥሎ አንድ አናጺ ይኖር ነበር። ቤተሰቡ ያለው መቲ፣ ከእኛ ራቅ ባለ የጫካ አገር ነው፤ ወንድሙ እዚያው ቡና ያለማል። ሚስቱ የዚሁ የጋምቤላ ልጅ ናት፤ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ወጥ ቤት ትሠራለች፣ ጠዋት በሰርቪስ ሄዳ ማታ ትመለሳለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አናጺው ገላውን ሊታጠብ ባሮ ወረደ። አልተመለሰም።

ያን ቀን እኔም ወንዝ ዳር ነበርኩ። ባሮን የማያውቅ ሰው እንዲገባው ልንገር። ክረምት እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለም ወንዙ ይሞላል፤ ዝናቡ የሚዘንበው ደጋ ላይ ነው፣ ውሃው ወደኛ ሲደርስ ማንንም አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ወንዝ ዳር የቆየ ሰው የሌላ ሰው ልብስ ውሃ ሊደርስበት ሲል ካየ አንስቶ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ያስቀምጥለታል። የማን ነው አይልም። ባለቤቱ ወጥቶ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ለብሶ ይሄዳል፣ ማን እንዳነሣለት አይጠይቅም። ሁሉም ያደርገዋል፣ ለሁሉም ይደረግለታል።

እኔም ሱሪና ሸሚዝ ውሃው ጫፍ ላይ አየሁ። አጠፍኳቸው፤ የፖሊስ ቤት አስተጣጠፍ ነው፣ እጄ ሌላ አያውቅም። ሳሙናውን ጫማው ውስጥ ከተትኩ። ጫማውን አጋጥሜ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩና ባለቤቱ ከቄጠማው ወዲያ እየታጠበ ነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሲመሽ ሚስትየው ከጀዊ ተመልሳ ባሏን አጣች። ሰው ወንዝ ወርዶ ልብሱን አገኘ። እሑድ ጠዋት አስተማሪው ስልኩን ይዞ መጣ። ማታ እሱም አብሮ ወርዶ ልብሱን ከድንጋዩ ላይ ሳይነሣ ፎቶ አንስቶታል፤ ጫማውንና ሱሪውን በቀይ ክብ ከቦ ለሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ልኮታል።

«አባባ፣ እርስዎ ፖሊስ ነበሩ። እስቲ ይዩልኝ፣ ምን ይታይዎታል?»

አየሁ። የራሴን እጥፋት አወቅኩት።

«ጫማ» አልኩት።

«ጫማ ብቻ? ሊታጠብ የሚገባ ሰው እንዲህ አድርጎ ያጥፋል? ይኼን ያስቀመጠ ሰው አለ። አደራጅቶታል፣ ገባዎት? ገዳይ ሁልጊዜ ትዕይንቱን ያደራጃል።»

ያን ጊዜ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ተነሥቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ሰኞ ዕለት ዓሣ አጥማጆች ከወንዙ ታች አስከሬኑን አገኙት። ሐኪም አየው፤ ውሃ ነው የገደለው አለ። ፖሊስም ይኼንኑ ጻፈ። ሙቀቱ ስለማይፈቅድ በዚያው ቀን ተቀበረ። በእኔ ዘመን ቢሆን ነገሩ እዚህ ያበቃ ነበር። ግሩፑ ላይ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሐኪሙስ የማን ዘመድ ነው ተባለ። ሚስትየው ያን ቀን ጀዊ ነበረች ሲባል፣ እንዲያውም ገዳይ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው ተባለ። ቀብር ላይ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልደቃችም ተባለ። ሴትየዋ ጴንጤ ናት፤ የእነሱ ሰው ሲሞት መዝሙር ይዘምራሉ። ይኼን ጋምቤላ ውስጥ የማያውቅ ማን አለ? ሁሉም ያውቃል። ግን ድራማው ላይ ያላለቀሰች ሚስት አይተዋል፣ አለቀ።

ከመቲ የመጣው የሟች ወንድም ይኼን ሁሉ ሰማ። «የወንድሜ ነገር ሳይጠራ ከእሷ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ አልቀመጥም» አለ። የእድራችን ዳኛ የዋህ ሰው ነው፣ ጠብ ይፈራል፤ ድንኳኑን አልተክልም፣ ቆይ እንይ አለ። ስለዚህ ሴትየዋ ማክሰኞን ሙሉ ቤቷ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ብቻዋን ዋለች። ከቤተ ክርስቲያኗ ከመጡ ሦስት ሴቶች በቀር የደረሰላት የለም። ጎረቤት በራፏ ላይ ሲያልፍ ወደ ሌላ ወገን ያይ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት እድሩ ተሰበሰበ። አስተማሪው ብድግ አለ።

«ሦስት ነጥብ አለኝ» አለ፣ ጣቱን እያነሣ።

«ዛሬ ክፍል ስንት ነው?» አልኩት።

ሰው ሳቀ። እሱ ግን ነጥቦቹን ጨረሰ፤ ጫማው፣ ጀዊ፣ አለማልቀሷ። ሲቀመጥ እኔ ተነሣሁ።

«ጫማውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሱሪውንም ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ውሃ እየሞላ ነበር። ይኸው ነው።»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ።

«አንተ ሰው፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

አስተማሪው በእርጋታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ «አባባ፣ ደግ ልብ ስላለዎት ነው። እሷን ለማዳን ብለው ነው፤ ይገባናል» አለኝ። ከኋላ ደግሞ አንዱ ጮኸ፤ «ድሮስ ፖሊስ አይደሉ! መጨረሻ ላይ ፖሊሱ ነው የሚሆነው!» ቤቱ በሳቅ ሞላ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናግሬ በዚያው ሰዓት ተጠርጣሪ ሆንኩ። ሠላሳ ሰው ካንድ ድራማ ተምሮ ሲስቅብህ ምን ብለህ ትመልሳለህ?

ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሟች ወንድም።

«አባቴ፣ እውነት ከሆነ ቦታውን ያሳዩኝ» አለኝ።

እሱ፣ ዳኛውና እኔ ወረድን። አስተማሪውም ስልኩን ይዞ ተከተለን። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እንደ ወትሮው በየድንጋዩ ላይ አሉ። የመቲ ሰው ጫካና ምንጭ እንጂ እንዲህ ያለ ወንዝ አልለመደም፤ ወንድሙ የሄደበትን ውሃ ቀረብ ብሎ ማየት ፈለገ። ጫማውን አወለቀ፣ ኮቱን መሬት ላይ ጣለ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። እኔ ድንጋዩን፣ ቄጠማውን፣ የቆምኩበትን ቦታ አሳየሁት። እሱ ብዙ ጠየቀኝ፣ እኔ መለስኩ። ውሃው የት ላይ ነበር? ከዚህ እስከዚህ። ድምፅ ሰሙ? አልሰማሁም።

ሲመለስ ጫማው የለም። ኮቱም የለም።

«ጫማዬን ማን ነካው?» ብሎ ጮኸ።

ከታች ልብስ የምታጥብ አንዲት የአገሬው ሴት ቀና አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም? ወንዝ ይወስዳል። እዚያ ነው፣ ላይ።»

ዞር ብለን አየን። ኮቱ ተጣጥፏል። ካልሲዎቹ ጫማው ውስጥ ናቸው። ጫማዎቹ ተጋጥመው ደረቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጥሎት የነበረበትን ቦታ ውሃ ሸፍኖታል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት፤ ድምፁ ወርዷል።

«ምን ይነገራል?» አለችና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ሰውየው በባዶ እግሩ ሄዶ ከጫማው አጠገብ ተቀመጠ። ከመጣ ጀምሮ ለወንድሙ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አስተማሪው ስልኩን ኪሱ ከተተ። በመንገድ ላይ ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ አለኝ። ከእሱ ስልክ ጠፋ እንበል፤ ከሌላው ሰው ስልክ ማን ያጠፋዋል? እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ ማንጎው ሥር ብቻዬን ነው የምቀመጠው። ያንብብልኝ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ድንኳኑ በዚያው ቀን ተተከለ። ወንድምየው ምራቱ አጠገብ ተቀመጠ። እነዚያው ሲስቁ የነበሩ ሰዎች ከንፈራቸውን እየመጠጡ ገቡ። አንዷ ከኋላዬ ለጓደኛዋ «ለማንኛውም ምዕራፍ ሁለቱን እንጠብቃለን» ስትል ሰምቻታለሁ። ዞሬ አየኋት፤ አንገቷን ደፋች።

ሁሉም ከገባ በኋላ ሴትየዋን ልሰናበት ቀረብኩ። ቀና ብላ አየችኝ። እዚህ አገር ብዙው ሰው ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው፤ ንቀት አይደለም።

«አባባ፣ አንተ ነህ ልብሱን የሰበሰብከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሑድ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሦስት ቀን ዝም አልክ?»

ለእድሩም ለዳኛውም ያዘጋጀሁት አንድ መልስ ነበረኝ፤ ለእንዲህ ያለ ቅዠት መልስ መስጠት ንቄ ነው የሚል። መናቄስ እውነት ነው። እዚያ ምንጣፍ ፊት ግን አፌ ላይ አልመጣልኝም። ባለቤት የሌለው ልብስ አይቼ፣ ብዙ ዓመት ፖሊስ የነበርኩ ሰው፣ ባለቤቱን አንድ ጊዜ እንኳ ተጣርቼ አልፈለግኩም። እኔ ነኝ ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ፈራሁ። ሰውየው ያን ሰዓት ይታጠብ ነበር ወይስ ሰምጦ ነበር፣ አላውቅም። የማውቀው ፍርሃቴን በንቀት ሸፍኜ ሦስት ቀን መተኛቴንና እሷ ሦስቱን ቀን ገዳይ ስትባል መዋሏን ነው።

ይኼን ሁሉ ነገርኳት። አጭር አድርጌ፣ እንደምችለው።

ወንድምየውም ይሰማ ነበር።

«ብትጠራው ይሰማ ነበር?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አላውቅም።»

«እሺ» አለች። «ሂድ፣ ወንዶቹ ጋ ተቀመጥ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ በየቀኑ መጀመሪያ ገብቼ መጨረሻ ወጣሁ።