ጽጌ በጥር አይባልም

አባቴ ስልክ አይወዱም ነበር። የዜማ መምህር ናቸውና፣ «መሀል ዜማ ላይ የሚጮህ ዕቃ ደጄን እንዳይረግጥ» ብለው ተማሪውን ሁሉ ያስጠነቅቁ ነበር። ንፋስ መውጫ ኮምፒውተር እየጠገንሁ የምኖረው ልጃቸው ታዲያ የማትጮህ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ ሣጥን ልሠራላቸው ተነሣሁ። ማኅሌተ ጽጌን ከመምህራቸው በተቀበሉት አወራረድ የሚያውቅ በደብራችን ከእርሳቸው በቀር አልቀረም። አብሯቸው እንዳይቀበር ፈራሁ።

ጽጌ የሚዜመው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ብቻ ነው። ሲገባ ሣጥኗን ፊታቸው አኖርሁ። ደረታቸውን እያመማቸው እንደ ምንም አዜሙልኝ። ስከፍተው ድምፁ ይቆራረጣል፤ ቃሉ ይጀምራል፣ መሀሉ የለም፣ ጫፉ ይመጣል። አንጀቴ አረረ። «አይዞህ፣ ለከርሞ ያድርሰን» አሉኝ።

ምክንያቱን ሳገኘው ይበልጥ ተናደድሁ። የሣጥኗ ቺፕ በራሱ ውስጥ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ አለው፤ ድምፁ ከማይክራፎኑ እንደ ገባ ማረፍ ያለበት እዚያ ነው። የጫንሁት ከርነል፣ ሣጥኗን የሚያዝዘው ዋና ፕሮግራም፣ ግን ያችን ሜሞሪ የሚያሠራው ድራይቨር አልበራለትም። ድምፁ በውጪው ሜሞሪ ሲዞር ይዘገያል፣ ይጎድላል። አንዲት የትእዛዝ መስመር አብርቼ ከርነሉን እንደገና ገነባሁት። ያ ሁሉ መቃጠል ለዚህች ነበር።

በጥር ይዤላቸው ደብራችን ወዳለበት ወደ ቤተ ልሔም ወረድሁ። ከስተዋል፤ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባባ፣ ተሠራች። እስኪ ከጽጌው ጥቂት ይበሉልኝ።»

«ምን ነካህ ልጄ? ጽጌ በጥር አይባልም። ጊዜው ይድረስ።»

ለመንኋቸው፤ እናቴም ለመነችልኝ። «ለአንተ ሣጥን ብዬ ሥርዓት ላፍርስ?» ብለው ሣቁ። ሣጥኗ ይህን ሁሉ ትቀርጽ ነበር።

በሰኔ አረፉ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር ነው፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ እናደድባቸዋለሁ። ደግሞ ይናፍቁኛል። ሣጥኗ አሁን እንከን የላትም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሁለት ቅጂ ቀርቶልኛል። ዜማው የተቆራረጠው ነው። ያኛው የጥር ወሩ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል።

ዘንድሮ ጽጌ ሲገባ እናቴ ድምፃቸውን አሰማኝ አለችኝ። የተቆራረጠውን ልከፍትላት አልደፈርሁም፤ የጠራውን ከፈትሁ።

«ጽጌ በጥር አይባልም» አሉ አባቴ። «ጊዜው ይድረስ።»

እናቴ ወደ ሣጥኗ ጎንበስ አለች።

«ደርሷል እኮ» አለቻቸው።