«ነፍሳችሁን ልንወስድ መጣን» ያልኩ ዕለት

ዛሬ ጠዋት ከሲሬ ወጣ ባለች መንደር አንድ አባት ጦር ደገነብኝ፣ ወዳጆቼ። ጥፋቱ ደግሞ የራሴ ነው።

ከነቀምቴ ቤተ ክርስቲያናችን ወንጌልና መድኃኒት ይዘን በበጎ ፈቃድ የወጣነው እኔና የሐኪም ረዳቷ፣ ድሬሰሯ አያንቱ ነን። ገመቹ የሚባል ገበሬ ሕፃን ልጁ በትኩሳት ጡት ከተወ ሦስተኛ ቀኑ ነው ቢሉን ሮጠን ደረስን።

እኔ የሸዋ ሴት፣ ኦሮምኛዬን ላሳይ ብዬ ቀደምኩ። «ነፍሳችሁን ወደ ጌታ ልንወስድ መጣን» ልል ነበር። «ጌታ» የሚለው ቃል ጠፋኝና «ሉቡ ኬሰን ፉዸቹፍ ዹፍኔ» ብዬ ቆምኩ። ነፍሳችሁን ልንወስድ መጣን!

ገመቹ ጦሩን አነሳ። ደንግጬ «ጃንሆይ ይሙቱ፣ ኦቦ! ልናድነው ነው!» ብዬ በአማርኛ ማልኩ።

«አሁን ደግሞ ማን ይሙት ነው የምትለው?» አላት አያንቱን። (እውነቱን እኮ ነው።)

አያንቱ መሀል ገብታ አስረዳችው። እሱ ግን ጦሩን አላወረደም። «አንቺ ግቢ፤ እሷ እዚሁ ትቀመጥ። ልጄ አንድ ነገር ቢሆን አትሄድም» አላት።

ደጃፉ ላይ፣ እግሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ልጸልይ ብል አፌን ፈራሁት።

ቀትር ላይ እናትየው ከውስጥ «ሆዼ! ሆዼ!» ብላ ጮኸች። ቃሉን አላውቀውም። የገመቹን ፊት ብቻ አየሁ።

ጦሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

«ጠባ» ማለት ነው አለችኝ አያንቱ።

እናንተስ፣ በሰው አገር አፋችሁ ጉድ የሠራችሁበት ቀን የለም? እስቲ ንገሩኝ፣ እኔ ብቻ አልሁን።