ለታክስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ስመኝ በየማለዳው ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት የባሏን ታክሲ ሞተር አስነስታ፣ ጥቂት አሙቃ ታጠፋዋለች። መንዳት አትችልም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ጎረቤቶቿ ነገሩን ከሐዘን ቆጥረውታል፤ እሷ ግን ባትሪው እንዳይደክም ነው ትላለች።

ባሏ አበጀ ያረፈው ባለፈው ሰኔ ነው። አንዲት ልጃቸው አግብታ ውድብሪጅ ትኖራለች። የታክስ ወቅት ሲደርስ ጓደኛዋ ብሩክታይት ፍርድ ሰጠች። ብሩክታይት ጸጉር ቤት አላት፤ ጸጉር ቤት የከፈተ ሰው ደግሞ ሕግ አዋቂ መሆኑ አይቀርም።

«በቃ፣ አንቺ እኮ ሲንግል ነሽ።»

«እኔ? ከሌን ሳላወልቅ ላጤ?»

«አሜሪካ ከል አያውቅም፣ እናቴ።»

ስመኝ ይህን አልተቀበለችውም፤ የታክስ ቅጹን ሲንግል ብላ ከሞላች ከአበጀ ጋር የኖረችውን የመጨረሻ ዓመት መንግሥት እንዳልነበረ ሊያደርገው ነው። ጉዳዩን ለአካባቢው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሰብሳቢ ለጋሽ ወልደአምላክ ነገረች። ጋሽ ወልደአምላክ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በሽምግልና የማይፈታ ነገር መኖሩን እስካሁን የነገራቸው የለም።

«ሽማግሌ እንልካለን» አሉ።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች በኮታቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ ስመኝን ይዘው አሌክሳንድሪያ ሄዱ። የሰው የታክስ ቅጽ የሚሞላው ታክስ ሠሪ ብሥራት ወንበር ቢያቀርብላቸው እምቢ አሉ።

«የመጣንበትን እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

ብሥራት ደነገጠ። «ጋሼ፣ እህቴ እኮ ገና ኮሌጅ ናት።»

«የእህትህን ነገር ሌላ ጊዜ እናየዋለን። አሁን የመጣነው ይህችን ሴት ከባሏ አትለያት ለማለት ነው።»

ነገሩ ሲብራራለት ብሥራት ወደ ስመኝ ዞረ። «ባለቤትዎ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው? እርስዎም ሌላ አላገቡም? እንግዲያው ላረፉበት ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ነው ፋይል የምታደርጉት። ሕጉ ይፈቅዳል።»

ስመኝ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ቀሩ። ለረጅም ልመና ተዘጋጅተው መጥተው በአንድ ቃል እሺ መባል ከክብራቸው በታች ሆነባቸው።

«ለሚመጣውስ ዓመት?» አሉ ጋሽ ወልደአምላክ።

«ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት ልጅ ቢኖር ሌላ መንገድ ነበረው። ከሌለ ሲንግል ነው።»

«አንድ ዓመት ጨምርላት፣ ስለ እመቤታችን!»

«የእኔ ሥልጣን አይደለም፣ ጋሼ። ሕግ የሚያወጣው ኮንግረስ ነው።»

ጋሽ ወልደአምላክ ጓደኞቻቸውን አየት አደረጉ። «ስንመለስ እሱም በመንገዳችን ነው።»

«ቅዳሜ ዝግ ነው» አለ ብሥራት።

«ይተዉት፣ ጋሽ ወልደአምላክ» አለች ስመኝ። «ያቺን ዓመት ካልነኩብኝ ይበቃኛል።»

ብሥራት ከአበጀ ስም ጎን ማረፉን ጻፈ፤ ስመኝም ፈረመች። ለሚመጣው ዓመት ቀጠሮ ይዛለች። ያን ጊዜ ሲንግል ብላ ትሞላለች።