የሳዳ ማክሻ ክኒን

ሳዳን ጊደር መጋላ ገበያ የማያውቃት የለም። በርበሬና እርድ ትሸጣለች፤ እኔ አጠገቧ ሽንኩርት ዘርግቼ ስንት ዘመን አብረን ስቀናል። ወፍራም ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ምላሷ ደግሞ አቦ አይቻልም! ከጊዜ በኋላ ጉልበቷ እምቢ አለ። ከቤቷ እስከ ገበያ ያለውን ዳገት መውጣት አቃታት። ቤት መዋል ደግሞ ለሷ ሞት ነው፤ «በእግሬ ገበያ ካልወጣሁ ቅበሩኝ» ትለኝ ነበር።

ሸዋ በር አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሩ ኤርሚያስ የሚባል ልጅ እግር ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ። ግፊቷን ለካና «ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ኪሎ ካልቀነሱ ግን ጉልበትዎም አይድንም» አላት። የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ክኒን ሊያዝላት እስክሪብቶውን አነሳ። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ሱስስ አለብዎት?»

ወይ ጉድ! የሳዳ ፊት ተለዋወጠ። «አስተግፊሩላህ! እኔ? መጠጥ በደጄ አልፎ አያውቅም!» ልጁ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀና ጻፈላት። እሱ በመጣበት አገር ሱስ ሲባል ጫትም አብሮ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሱስ መጠጥና ሲጋራ ነው። ጫትማ ጫት ነው፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ በርጫ የማይቀመጥ ማን አለ? ማንስ ይቆጥረዋል? «ጫት ይቅማሉ?» ቢላት «አዎና!» ትለው ነበር።

ክኒኑ ሠራ። ሳዳ ምግብ ጠላች። ድሮ በርጫ ከመግባታችን በፊት ጥግብ እስክትል ነበር የምትበላው፤ አሁን በባዶ ሆዷ ትቅም ጀመር። አፏ ይደርቃል፣ እንቅልፍ የለም፣ ልቧ ድው ድው ይላል። እኛ ምን አልን? «የዘንድሮ ጫት ምርቃናው ኃይለኛ ነው!» ብለን ሳቅን። ቀሚሷ ሲሰፋት ወላሂ ቀናሁባት። ዳገቱንም ወጣችው፤ እያላባት፣ እየሳቀች።

አንድ ከሰዓት በርጫ ላይ እንዳለን «ራሴን ፈለጠኝ» አለችና በጎኗ ወደቀች። አፏ ተጣመመ። ሆስፒታል ስናደርሳት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ልጇ ነኢማ ክኒኑን አሳየች። ሐኪሟ አገላብጣ አይታው «ጫት ትቅም ነበር?» አለች። «እንደ ሰው ሁሉ» አለች ነኢማ። «ክኒኑም ያነቃቃል፣ ጫቱም ያነቃቃል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግፊቱን ሰማይ ይሰቅሉታል።» አሁን ነው እንዴ ይሄ የሚነገረው?

ሳዳ ዛሬ ቤቷ ተኝታለች። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፣ ቃልም አይወጣትም። ትናንት ጎረቤቱ ሊያድናት ብሎ ለዱዓ ተሰበሰበ፤ ዱዓ ደግሞ ያለ ጫት አይሆንም። አክስቷ ሐጃ አይሻ፣ ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌዎች እንደሚደረገው፣ ለጋ ለጋውን በሙቀጫ ወቅጠው በማንኪያ ይዘውላት መጡ። «ዱዓ የተደረገበት ነው ልጄ፣ በረካ አለው» ይላሉ፤ እንባቸው ይወርዳል።

«ኧረ በአላህ ሐጃ፣ ይገድላታል!» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ሰው ሁሉ እንዳበደች ሴት አየኝ። ወደ ሳዳ ዞርኩ። ዓይኗ ማንኪያው ላይ ነበር፤ ያንን የተጣመመ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።