የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት

የሚስቴ እናትና አባት ለክረምት ዕረፍታቸው ከቱርክ ሊጠይቁን እንደሚመጡ ለእናቴ ስነግራት፣ «በክረምት? መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሳለ ምን ሊሆኑ ይመጣሉ?» አለችኝ። የሚመጡት በጥር እንደሆነ፣ እዚያ በረዶ የሚወርድበት ወር ለእኛ በጋ እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። ጥር ላይ ደግሞ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ አናት ይበሳል። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲህ ለእነሱ አላህ የሰጣቸው ክረምት ያ ከሆነ ምን ይደረጋል» ብላ የምታሳርደውን ፍየል መምረጥ ጀመረች።

እኔን ያስጨነቀኝ ክረምቱ ሳይሆን ቲኬቱ ነበር። ሚስቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እንግዶቹ ደግሞ ለመምጫ ሁለት፣ ለመመለሻ ሦስት ቲኬት ቆርጠዋል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል። «እናቴ ናት የቆረጠችው። ካልተፈለገ ይሰረዛል ብላለች» አለችኝ። «እሺ» አልኳት።  እዚያ ሄዳ ከወለደች የምትመለስ አልመሰለኝም፤ ፍርሃቴም ወደ ቁጣ ተቀይሮ ለሁለት ቀን ሳኮርፍ ሰነበትኩ።

የተገናኘነው እዚያ መስኖ ልማር ሄጄ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ሚስቴ ሆና አብራኝ መጣች። አራት ዓመት ሙሉ የቆላውን ሙቀትና ትንኝ ቻለች፤ አማርኛውንም ከጎረቤት ሴቶች ተምራ ከእኔ የበለጠ ትቀልድበታለች። አንዳንዴ መንገድ ተዘጋ ሲባል ግን ስልኳን ይዛ ግቢውን ስትዞር ትውላለች። እናቷም እዚያ ሆነው ወሬውን ያነባሉ። ስለዚህ ሦስተኛው ቲኬት ለምን እንደተቆረጠ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ከነሹፌሩ በተከራየሁት መኪና አመጣኋቸው። የሚስቴ አባት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር በየጠመዝማዛው ቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር፤ ሮቢት ስንደርስ ከመኪናው ወርደው የሹፌሩን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። የሚስቴ እናት አስተማሪ ናቸው፤ ጥቂት ይናገራሉ፣ ብዙ ያያሉ። ደብረ ሲና ላይ እስከ አንገታቸው የቆለፉትን ካፖርት፣ ከታች ስንደርስ ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ስለ ሚስቴ ጉዞ ያነሳ የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? እኔ ጠዋት ጠዋት ወደ መስኖው ቦይ እወስዳቸዋለሁ፤ ስለ ማሾውና ስለ ሽንኩርቱ ማሳ እለፈልፋለሁ፤ ልጃቸውን በፓፓያ የማስቀራት ይመስል ፓፓያ በላይ በላዩ አበላቸዋለሁ። የሚስቴ እናት ከሰዓት በኋላ አጎበራችንን ብርሃን ላይ ዘርግተው ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ ባገኙ ቁጥር በመርፌ ይሰፋሉ።  እኔ ግን በእያንዳንዱ ስፌት የሚወቅሱኝ ይመስለኝ ነበር።

ተስፋዬ እናቴ ነበረች። ሚስቴን ስትጠራ «ልጄ» እንጂ «ምራቴ» ብላ አታውቅም፤ ሁለት ቀን ካላየቻት ልጅ ትልካለች። እንግዶቹን ምሳ ስትጋብዝ፣ ልጄንማ ማንም አይወስዳትም ትላለች፣ ሽማግሌ አክባሪ የሆኑት የሚስቴ ወላጆችም እሷን እምቢ አይሉም ብዬ አሰብኩ። እኔ ምንም ሳልናገር ነገሩ በእናቴ አፍ ያልቅልኛል።

ወላጆቼ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት። አርብ ዕለት አባቴና የሚስቴ አባት ጁምዓ አብረው ሰግደው መጡ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ «ማሻአላህ»፣ «አልሐምዱሊላህ»፣ «ሱብሃነላህ» እየተባባሉ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። አባቴ በኋላ፣ «ሰውዬው ጨዋታ አዋቂ ናቸው» አለኝ። የቀረውን ሁሉ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ሚስቴ ሁለቱንም ቋንቋ ብታውቅም፣ ያን ቀን ወገቧን አሟት ግድግዳውን ተደግፋ ነበር።

ፍየሉ ቀርቦ ግማሽ እንደሄደ እናቴ እጇን ታጠበችና ወደ እኔ ዞረች።

«በል ንገርልኝ» አለች። «የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። የእኛ ደንብ ይኸው ነው። ልጃቸውን ይዘዋት ይሂዱ፤ እናቷ ጉያ ትውለድ። እኔ መርቄያታለሁ።»

 ደንቡን አላውቀውም አልል ነገር፣ እህቶቼ ሁሉ ለመጀመሪያ ልጃቸው እዚሁ ቤት መጥተው ነው የወለዱት፤ የሁሉንም የአራስ ገንፎ በልቻለሁ። ደንቡ ባሕር ተሻግሮ እኔ ላይ ይዞራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የሚስቴ እናት ትርጉሙን እየጠበቁ ያዩኛል። እኔም በቱርክኛ፣ «አልበላችሁም፣ ብሉ እንጂ እያለች ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑና አንድ ቁራጭ ሥጋ አነሱ። እናቴ ለዚያ ሁሉ ምርቃት መልሱ አንድ ጉርሻ መሆኑ ግራ ገብቷት፣ «ደስ አላላቸውም እንዴ?» አለችኝ።

ሚስቴ ከግድግዳው ቀና አለች። እኔን አላየችኝም። እናቴ ያለችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምርቃቱን ጨምራ፣ በቱርክኛ ለእናቷ ነገረቻቸው። የሚስቴ እናት የያዙትን ሥጋ ሳህኑ ላይ መለሱና እኔን አዩኝ። አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ።

«አንተ ምን ብለህ ነበር የነገርካቸው?» አለች እናቴ።

«ብሉ ብላለች ብዬ።»

አባቴ ሊስቅ ብሎ የእናቴን ፊት ሲያይ ተወው። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምጿ ዝቅ አለ።

«አንተን የወለድኩህ በዚያ ጓዳ ነው» አለች። «የመጀመሪያዬ ነህ። ማጀቴ ከተማ፣ ተወልጄ ባደግኩበት ቤት፣ እናቴ ቅቤውን አንጥራ፣ የገንፎውን ዱቄት አስፈጭታ፣ በር በሩን እያየች ትጠብቀኝ ነበር። አባትህ ማሽላው ሳይሰበሰብ የትም አትሄጂም አለኝ። ምጤ ሲመጣ ስጠራ የነበረው እናቴን ነው። የደረሰችው አንተ ከተወለድክ በሳምንቱ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

አባቴ የሸበተ ጭንቅላቱን አቀረቀረ። «እውነት ነው» አለ። «ማሽላው ሰበብ ነው። ብትሄድ የማትመለስ መስሎኝ ነው።»

 ስንት ዘመን አባቴን አልመስልም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ይህንንም ንገራቸው» አለችኝ እናቴ። «አሁን ምንም ሳታስቀር።»

ነገርኳቸው። ጓዳውንም፣ ቅቤውንም፣ ማሽላውንም፣ የአባቴንም ፍርሃት አንድ በአንድ ተረጎምኩ። የሚስቴ እናት ተነስተው ምንጣፉን ተሻገሩና እናቴ አጠገብ ተቀመጡ፤ እጇን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም። እናቴም፣ «አርባ ቀኗን ስትጨርስ ግን ራሳቸው ይዘዋት ይምጡ። ይህም ደንብ ነው» አለች። ይህኛውን ሳትጨርስ ነበር የተረጎምኩት። የሚስቴ አባት መልስ ሰጡ፤ ቃሉ አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ «ኢንሻአላህ» ነው ያሉት። እናቴ፣ «አለቀ» ብላ እጃቸውን አስታጠበች። እኔ ግን ሰው እምቢ ማለት ሲያፍርም፣ እዚያም እዚህም፣ ይህንኑ ቃል እንደሚል ስለማውቅ ፊታቸውን ሳጠና ዋልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ወላጆቿን በባጃጅ አስቀድመን ሚስቴና እኔ ቦዩን ይዘን በእግር ሄድን፤ መራመድ ወገቤን ያሳርፈኛል ስላለች ነው። ብዙ ከሄድን በኋላ «ይቅርታ» አልኳት።

«እናቴን ነው ይቅርታ መጠየቅ ያለብህ። የዋሸኸው እሷን ነው።»

«እሺ።»

«እኔን ግን ሌላ ነገር ነው ያጎደልክብኝ» አለች። የቱን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ወር ሙሉ ስለ እሷ ሆድ ከራሴ ጋር ስሟገት፣ ከእናቷ ጋር በልቤ ስጣላ፣ በእናቴ ላስቀራት ሳደባ፣ አንድ ጊዜ እንኳን አልጠየቅኋትም።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

ቆመች። «ቲኬቱን የነገርኩህ ቀን ትጠይቀኛለህ ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እቀራለሁ ልልህ ነበር። በማግስቱም ጠበቅኩህ፣ በሳምንቱም።»

«አሁንስ?»

«አሁን እሄዳለሁ» አለች። «እናትህ ስታወራ የምጥ ቀን የምጠራው ማንን እንደሆነ ገባኝ።»

 ትመለሺያለሽ ወይ ልላት አፌን ስከፍት መልሱን ፈርቼ ዘጋሁት፤ እሷ ግን አየችኝ።

«እሱንም መጠየቅ አለብህ» አለችኝ። «ዛሬ አይደለም። ስወልድ ደውልና ጠይቀኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሻንጣዋን አብሬያት አሰናዳሁ፤ የሚስቴን እናት ይቅርታ የጠየቅኳቸው አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ነው፤ ጉንጬን መታ መታ አድርገው አለፉ። ሴት ልጃችን የተወለደችው በሚያዝያ ነው። በሦስተኛው ቀን ደወልኩ። ድምጿ የደከመ ነበር፤ ልጅቷ ትጠባለች። ለሦስት ወር አፌ ላይ የከረመውን፣ «ትመለሺያለሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አዎ» አለችኝ።